ሳሉ አይቆጠርም

እኔ በሰዓት የማምን ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ኋላ ላይ የሚደርስብኝን ውርደት ስታነቡ "ይህን ሰው ግን መጀመሪያውኑ ምን ነካው?" እንዳትሉ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከቤቴ ጓሮ በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሙዚቃ አስተምራለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል። ሦስት ሰዓት ሲሞላ በሩን እዘጋለሁ፤ መወርወሪያውንም ከውስጥ እቀረቅራለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ አሳልፎ የመጣ ተማሪ፣ የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ ውጭ ቆሞ ከቆርቆሮው ማዶ ያዳምጣል።

አንድ ቀን የገዛ ልጄን ትርንጎን ዘግቼባታለሁ። ወተት ልትገዛ ሄዳ ነበር፤ ወተቱን ያዘዝኳት ደግሞ እኔው ነኝ። ባለቤቴ ይታይሽ ያን ለት፣ "አንተ ሰው፣ ሰማይ ቤት ስትሄድ በረኛው ሁለት ደቂቃ አሳልፈሃል ቢልህ ምን ልትለው ነው?" አለችኝ።

"እኔ አላሳልፍም" አልኳት። እሷም ወተቱን ለድመቷ ሰጠችው።

የምጫወተው ሳክስፎን ነው፤ የምወደው ደግሞ ጃዝ። በከተማችን ሳክስፎን የሚነፋ ስንት ሰው አለ ብትሉኝ፣ እኔ የማውቀው ሁለት ነን፤ ሁለተኛዋ ልጄ ናት። መሣሪያው ግን አንድ ነው። ይህቺን ነገር አትርሷት፤ ኋላ ትመጣለች።

ሙዚቃ ያስተማረኝ ሰው የለም። ወጣት ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከዕለታት አንድ ቀን በሬዲዮ ሳክስፎን ሰማሁና ጣቶቼ ታይፕ መምታታቸውን ትተው ቆሙ። ከዓመታት በኋላ ጡረታ ከወጣ የማርሽ ባንድ ሰው እጅ አሮጌውን ሳክስፎን ገዛሁ። አብሮት አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ገጾች የሉትም። ወይ አይጥ በልቷቸዋል፣ ወይ ስኳር ተጠቅልሎባቸዋል። እኔም ከአሥራ አምስተኛው ገጽ ጀመርኩ። አሥራ አራቱ ገጾች ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ያወቅሁት ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ለሠርግ የመጣ አንድ ሙዚቀኛ ሲነግረኝ ነው። አፍ ላይ የምትታሰረው የሸምበቆ ምላስ ወደ ታች መዞር አለባት። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ወደ ላይ አዙሬ ስነፋ ኖሬያለሁ። መንፋት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንደዚያው አድርጌም አስተምሬያለሁ።

እውነት ለመናገር የማላፍር ሰው ነኝና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተማሪዎቼን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንደኛው እጁን አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ ሳክስፎን ማለት አፍ የሚያቆስል ነገር መስሎን ነበር" አለ።

ታዲያ ከዚህ ስህተት አንድ ትምህርት ቀሰምኩ፤ ያውም ከመጠን ያለፈ። ሰው ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ ከተጫወተ ነገሩን ገልብጦ ይጫወታል አልኩና፣ በቤቴ ያለ ወረቀት አንድም ድምፅ እንዳይወጣ ከለከልኩ። ጃዝ ከራስ እያፈለቁ የሚጫወቱት ሙዚቃ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔም አፈልቃለሁ። ብቻ የማፈልቀውን ሦስት ቀን ቀድሜ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

ትርንጎ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ምት ቆጣሪዋን ከፊቷ አስቀምጣ መጽሐፉን በየገጹ ትለማመዳለች፤ እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። አመስግኛት አላውቅም። ምስጋና እንደ ማር ነው፤ ሲበዛ ጥርስ ያበላሻል። አንድ ልምምድ ብቻ ነበር ሁልጊዜ ራሴን የሚያስነቀንቀኝ። ሦስት ድምፅ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረቅ፣ ኮስታራ፣ እየተደጋገመ የሚመጣ። አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብዬ፣ "ይሄኛው ከሁሉም ይሻላል፤ ሥርዓት አለው" አልኳት። እሷም አጎንብሳ፣ "እሺ አባዬ" አለችኝ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ብርድ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ትርንጎ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች። ባሕር ዳር ያለ አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ተቀብሏታል። የሚቀረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የወላጅ ፊርማና የራስ መሣሪያ ይዞ መቅረብ። እንግዲህ ቤታችን ያለው መሣሪያ አንድ ነው ብያችኋለሁ። ቅጹን መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩና፣ "በሰው ፊት አንድ ጊዜ ሳትሳሳቺ ስትጫወቺ እፈርማለሁ" አልኳት። ከዚያም ቅጹን የሳክስፎኑ ሳጥን ኪስ ውስጥ አስገባሁት። የመጨረሻው የመመዝገቢያ ቀን ጥር ላይ፣ አንድ ሰኞ ነበር። እሷ ቀኑን ትቆጥራለች፤ እኔ ደግሞ ያልቆጠርኩ እመስላለሁ።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው እሑድ ሠርግ መጣልን።

የሚያገባው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የግብርና ባለሙያ ሆኖ ጉና ግርጌ ሲሠራ የአገሩን ልጅ ወደደ። እኔ ዘንድ ስድስት ወር ከበሮ ሲማር አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ውጭ ነው፤ ያረፍድ ነበራ። ቢሆንም ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ካልተጫወቱ ሠርግ አልለውም። ያኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ የሰማሁት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም" አለኝ።

"ከውስጥ ብትሰማውማ ምን ልትሆን ነበር!" አልኩት። ግን ደስ ብሎኛል። ለትርንጎም፣ "በሠርጉ ላይ አንድ ሙዚቃ ትጫወቻለሽ። ከመጽሐፉ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል። የዚያን ሳምንት ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ድመቷንም ሰልችቷት ቤት ለቀቀች።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነን ተነሣን፤ እኔ፣ ትርንጎና ሰይድ። ሰይድ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ከእኔ ጋር ኦርጋን ይጫወታል። እጁ መልካም፣ አፉ ክፉ ነው። እስከ ክምር ድንጋይ በሚኒባስ ሄድን። እዚያ የሙሽሪት ዘመዶች አንድ በቅሎ ልከውልን ጠበቀችን። በባትሪ የሚሠራውን ኦርጋንና የምንጮህበትን ሞንታርቦ ጫንባትና በእግር ሽቅብ ጀመርን።

ጉናን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ገና ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ ስንረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ተረተሩ ላይ ስንደርስ ቆም አልኩና ሳጥኑን ከፈትኩ።

"ሳክስፎን ሲበርደው ድምፁ ይወርዳል" አልኳቸው። "የተዘጋጀ ሙዚቀኛ ደግሞ መሣሪያውን የሚያሞቀው ከሠርጉ ቤት ሳይደርስ ነው። ትርንጎ፣ ይህን ጻፊው።"

"እጄ ደንዝዟል አባዬ።"

"እንግዲያው በልብሽ ጻፊው።"

እግሬን አንፈራጥጬ የሳክስፎኑን የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ፣ ያችን ከሆድ የምትወጣውን፣ ለቀቅኋት። በቅሎዋ በዕድሜዋ ጅብም ነጎድጓድም ሰምታ ይሆናል፤ ይህን ግን አልሰማችም። ጆሮዋን ቀሰረች፣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ ፍርዷን ሰጠች፤ ከዚያ ኦርጋኑንና ሞንታርቦውን ይዛ በድንቹ ማሳ ቁልቁል ነጎደች።

"'በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች' ይላሉ" አለ ሰይድ እየሮጠ። "ይቺ ግን ያሳጠረችው የኔን ዕድሜ ነው ጋሼ!"

ሞንታርቦውን ቦይ ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘነው። ኦርጋኑ ለዓይን ደህና ነው። ሰይድ ሲሞክረው ግን ሌላውን ድምፅ ሁሉ ረስቶ አንድ ከበሮ ብቻ አስታወሰ፤ እሱንም ራሱ ሲፈልግ ይጀምራል እንጂ ሰው ሲነካው አይደለም።

ሰይድ አየኝና፣ "ጋሼ፣ ያለ ወረቀት መጫወት ጀመረ። ይቅጡት እንጂ!" አለኝ።

ሠርጉ ቤት ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። በክብር ተቀበሉን። ለሰይድና ለሌሎች እስላም እንግዶች ለብቻ የታረደ በግ፣ ለብቻ የተጣደ ወጥ ነበራቸው፤ ሰይድ ብርዙን ይዞ ከእኛ ይልቅ ደልቶት ተቀመጠ። የሙሽሪት ወገኖች "ከከተማ ሙዚቀኛ ይመጣል" ተብለው ኖሮ መሰንቆ መቺ አልጠሩም። ያኔ ይህ ምን እንደሚያመጣ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። እኔ የማስበው የጻፍኩትን ማፍለቅ ነበር።

ተነሣሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወትኩ። ሰይድ ከጎኔ የሚያጅብበት ነገር ስለሌለው አልፎ አልፎ በጭብጨባ ያግዘኛል። እንደ እኔ እምነት ከዚያ የተሻለ ተጫውቼ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ በጨዋነት ዝም ብሎ ያየኛል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ደንዳና ሴትዮ፣ የሙሽሪት አክስት ናቸው፣ በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ "ጌታው፣ መሞከሩን ጨረሱ? እንግዲያ ይጀምሩልን" አሉኝ።

ከኋላ አንዱ፣ "ተዪያቸው እቴ፣ ከብርዱ ነው። ቧንቧው ቆርፍዶ ነው" አለ።

ይህን ጊዜ አያ ፈንታ ተነሡ። አያ ፈንታ የሙሽሪት አያት ናቸው። እናቷ ገና ጡት ሳታስጥላት ሞታባት፣ ያሳደጓት እሳቸው መሆናቸውን ሙሽራው ቤቴ በመጣ ጊዜ ነግሮኝ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ በትራቸውን ተደገፉ።

"ተቀበል!" አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ቃል የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። መሰንቆ መቺ ባለበት ሰው ተነሥቶ ተቀበል ካለ፣ ግጥም ሊሰጥ ነው። ሙዚቀኛው ያችን ግጥም ቃሏን ሳይጥል በዜማ መመለስ አለበት። አያ ፈንታም ሙሽሪት ወዳለችበት አየት አደረጉና፣

"ውርጭ ተከላክዬ ያሳደግሁት... እህ! እህ!... እሸት፣
ለሰው ማዕድ ሆነ በሩን ሳልዘጋበት" አሉ።

መሀል ላይ ያለው "እህ እህ" የግጥሙ አካል አይደለም፤ ሳል ነው። አያ ፈንታ ያለ ሳል ሁለት ስንኝ አይጨርሱም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ላይ አንድ ልባም ሰው ምን ያደርግ ነበር? አላውቅም። እኔ ያደረግሁትን ግን ልንገራችሁ፤ ንግግር አደረግሁ። "አባቴ፣ ይህ የምጫወተው ሙዚቃ ጃዝ ይባላል" አልኩ። "ጃዝ ቃል የለውም። ከቃል በላይ ነው። ስለዚህ ግጥም አይቀበልም" ብዬ፣ የሙዚቃውን ታሪክም ጨመርኩላቸው። ተማሪዎቼ ይህን ትምህርት ሲሰሙ ያንቀላፋሉ። የጉና ሰው አላንቀላፋም፤ ቢያንቀላፋልኝ በወደድኩ።

ዳሱ እንደ ጉድጓድ ጭር አለ። በዚያ ጭርታ መሀል ኦርጋኑ በራሱ ፈቃድ ከበሮውን ጀመረ። ዱም ታክ፣ ዱም ታክ። ሰይድ ብርዙን እንደያዘ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ድምፁ ከሥሩ ታፍኖ ቀጠለ።

አያ ፈንታ፣ "ልጄ፣ እኔ ሰላምታ ሰጠሁህ" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። "አንተ ደግሞ ሰላምታ በእኔ አገር የለም አልከኝ።" ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ከሙሽሪት ወገን አንድም እጅ ወደ ማዕድ አልተዘረጋም።

ሙሽራው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ጋሼ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይቀበሏቸው!" አለኝ።

በማርያም ከተያዝኩ ምን አደርጋለሁ። ሳክስፎኑን ወደ ጎን አዝዬ በአፌ ላንጎራጉር ተነሣሁ። ድምፄ የተጎተተ አግዳሚ ወንበር ድምፅ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ያላወቅሁት፣ አያ ፈንታ ሲናገሩ አንዲት ቃል ሳላዳምጥ በልቤ ንግግሬን ሳዘጋጅ እንደነበር ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ በሙሉ ኃይሌ፣

"እሸት ተከላክዬ ያሳደግሁት ውርጭ!" አልኩ።

አክስትየው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ምን አለ? ልጃችንን ውርጭ አላት?"

"ውርጭስ ራሱ ነው" አለች ሌላዋ። "ከገባ ጀምሮ በርዶናል!"

ሙሽራው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔም የቆምኩበት መሬት እንደ ሞንታርቦው ለሁለት ቢሰነጠቅልኝ ስመኝ፣ አንድ እጅ የሳክስፎኑን ማንገቻ ከአንገቴ ላይ ሲያወልቅ ተሰማኝ።

"አባዬ፣ ይስጡኝ" አለች ትርንጎ።

"ሠላሳ ሁለተኛውን ገጽ ልትጫወቺ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ የትኛውን?"

"ገጽ የለውም አባዬ።"

እውነት እናገራለሁ ብያለሁና ይኸው። በዚያች ደቂቃ ከልቤ አንዱ ጥግ ደስ አለው። ያለ ወረቀት ልትጫወት ነው፤ ልትሳሳት ነው። በሰው ፊት ከተሳሳተች ቅጹ ከሳጥኑ አይወጣም፤ ሰኞ ያልፋል፤ እሷም ሳክስፎኑም ቤት ይቀራሉ። አባት ሆኖ እንዲህ ማሰብ ነውር ነው። ግን አሰብኩ።

እሷ አያ ፈንታ ፊት ሄዳ በርከክ አለች። "አባባ፣ ግጥሙን ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ደግሞ በዚያ ቧንቧ ልትቀበይኝ?"

"እሞክራለሁ አባባ። ካቃተኝ ይሳቁብኝ።"

"መሳቁንስ ባባትሽ ጨርሰነዋል" አሉና ደገሙላት። እሷ ከንፈራቸውን እያየች፣ በጣቷ ጉልበቷን እየነካካች አዳመጠች። ከዚያ ተነሥታ ነፋች።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ዜማ አልነበረም፤ ንግግር ነበር። "ውርጭ ተከላክዬ" ሲሉ አያ ፈንታ ድምፃቸውን የሚያነሡበት ቦታ ላይ አነሣች፤ የሚጥሉበት ላይ ጣለች። "ያሳደግሁት" ካለች በኋላ ቆም አለችና ሁለት አጭር፣ ሻካራ ድምፅ ከሳክስፎኑ አወጣች። እህ! እህ!

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

"ሳሌንም ተቀበለችኝ!" አሉ አያ ፈንታ፤ ሳቃቸው መልሶ ሳል ሆነባቸው፤ እሷም ያንኑ መልሳ ተቀበለቻቸው። "ይቺ ልጅ ሳሌንም አልጣለችም!" ሁለተኛ ስትደግመው ሴቶቹ ቃሉን ከሥር እያስገቡ አዜሙት፤ ሦስተኛ ስትደግመው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሰይድ ከኦርጋኑ ላይ ተነሣና፣ ያ የተረገመ ከበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ገባ። ዱም ታክ፣ ዱም ታክ።

እኔም ግጥሙን ያን ጊዜ ሰማሁት። ቀድሞ ተነግሮኛል፣ ራሴም አበላሽቼ ብዬዋለሁ፤ ያዳመጥኩት ግን ያን ጊዜ ነው። አያ ፈንታ እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሙሽሪትም ትጠርጋለች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ከዚያማ ግጥም እንደ በረዶ ወረደ። የሙሽራ ወገን አንድ ይላል፣ የሙሽሪት ወገን ሁለት ይመልሳል፣ ትርንጎ ሁሉንም ትቀበላለች። በመጨረሻ አክስትየው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። "ተቀበዪ!" አሏት።

"ከከተማ መጣ ቧንቧውን ተሸክሞ፣
ውኃ መስሎን ነበር ነፋስ ቀዳ ቆሞ!"

ሰይድ ብርዙ ትን አለው። ትርንጎ ግን አልነፋችም፤ ወደ እኔ አየች። አባቷ ነኝ። ግን ተቀባይ ግጥም አይመርጥም፤ ሽማግሌው ሲያዝኑ ካየ በኋላ ይህን የማያውቅ ሰው ደንቆሮ ነው። ራሴን ነቅንቄ ፈቀድኩላት። ተቀበለቻቸው፤ ያውም ሳትሳሳ። ስትጨርስ ደግሞ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ሦስት ድምፅ፣ ወደ ታች የሚወርድ፣ ደረቅ፣ ኮስታራ። ያ የምወደው ልምምድ ነበር። ሰይድ ሲሰማው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከሳቁ ብዛት መቆም አቃተው።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ወርደን ክምር ድንጋይ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ ትርንጎን ጠየቅኋት።

"ያ ሦስት ድምፅ ያለው ልምምድ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?"

ትርንጎ ወደ ጫማዋ አየች። "ገጽ ላይ የለም አባዬ። አንቱ ነዎት።"

"እኔ ምንድን ነኝ?"

"'በሰዓቱ! በሰዓቱ! በሰዓቱ!' ሲሉ ነው።"

ሰይድ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። እሷ ከተነካች አይቀር ሁሉንም ተናገረች። ለሁለት ዓመት፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን የምታጠና ሲመስለኝ፣ የሰው ንግግር ስትቀዳ ኖራለች። የመናኸሪያውን ተጣሪ፣ የድንች ነጋዴዋን ክርክር፣ እናቷ እኔን ስትቆጣ፣ ጎረቤታችን ያሉት የአቋቋም ተማሪዎች ሲሳሳቱና መሪጌታው ሲያርሟቸው። ይታይሽ ታውቃለች። ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ሰይድም ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ መምህሩ ብቻ ነኝ፤ ጭራሽ በመስኮት ብቅ ብዬ "ሥርዓት አለው" ያልኩ!

"አባዬ" አለች ቆይታ። "ሳልሳሳት እንድጫወት ነበር ያዘዙኝ። ምቱን አሥራ አንድ ጊዜ ስቻለሁ። ቆጥሬዋለሁ።"

ልጄ መሆኗን ያን ጊዜ አረጋገጥኩ። እኔም ስቆጥር ነበርና፣ "አሥራ ሁለት ነው" አልኳት።

"አሥራ አንድ ነው አባዬ።"

"አሥራ ሁለት!"

"ጋሼ" አለ ሰይድ፣ "አሥራ ሁለተኛው የአያ ፈንታ ሳል ነው። ሳሉ አይቆጠርም።"

አሰብኩበት። ልክ ነው፤ ሳሉ አይቆጠርም። ሌላውንም አንድ በአንድ አሰብኩት። ለካ የሳተችው ሽማግሌው ሲተነፍሱ ልትጠብቃቸው ቆም ባለችበት ቦታ ነው። እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ቆሜ አላውቅም። በሬንም የምዘጋው ለሥርዓት ብቻ አልነበረም። በሩን የሚዘጋ ሰው ማን እንደገባ እንጂ ማን እንደሚወጣ አያስብም፤ ለእኔም የሚመቸኝ ይህ ነበር። ልጅቱ አልደረሰችም ያልኩት ውሸት ነው። ያልደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ሳጥኑን ከፍቼ ቅጹን አወጣሁ። የማስደግፍበት ስላጣሁ ኦርጋኑ ጀርባ ላይ አነጠፍኩት። "የወላጅ አስተያየት" የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ ድሮ እዚያ ላይ አንድ ገጽ ምክር ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። "ያለ ወረቀት ትችላለች" ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ስፈርም ኦርጋኑ በራሱ ጊዜ ከበሮውን ጀመረ። ፊርማዬ የተወላገደው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሌላ አይደለም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሳጥኑን ራሴ ተሸክሜ ወስጄ፣ ራሴ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። "ምላሷ ወደ ታች" አልኳት። ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ መኪናው በሰዓቱ ተነሣ።

አሁን ሳክስፎኑ ባሕር ዳር ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን በአፌ አስተምራለሁ፤ በዚያ በተጎተተ ወንበር ድምፄ። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ነው ወደ ወረቀት የምንሄደው። በሩንም ከዚያ ወዲህ አልዘጋሁትም። ይታይሽ፣ "አንተ ሰው፣ ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ!" ትለኛለች። "ይግባ" እላታለሁ።

ይህ ግን ትልቅ ጉዳት አምጥቷል፤ አልደብቃችሁም። ተማሪዎቼ በሩ እንደማይዘጋ ካወቁ ወዲህ አንድም በሰዓቱ የሚመጣ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ሦስት ተኩል፣ አንዱ እንዲያውም አራት ሰዓት ላይ ዳቦ እየገመጠ ገባ። እቆጣለሁ። "በሰዓቱ! በሰዓቱ! በሰዓቱ!" እላለሁ ጠረጴዛውን እየመታሁ። እነሱም፣ ማን እንዳስተማራቸው አውቃለሁ፣ ጊታሩን የያዘው በጊታሩ፣ የተጠገነው ኦርጋን ላይ ያለው በኦርጋኑ፣ ምንም የሌለው በአፉ ይቀበሉኛል፤ ሦስት ድምፅ፣ ወደ ታች፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ።